ሁለት አማልክት በአንድ ጣሪያ፣ አንድ እምነት በሦስት አጥር

በዋሽንግተንና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቡና ስንጠጣም፣ ለቅሶ ስንደርስም፣ ክርስትና ስንጠራም ከማንተወው ወሬ አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን ጉዳይ ነው። አዲስ ሰው ስንተዋወቅ ከስሙ ቀጥሎ የምንጠይቀው «የትኛው ጋ ነው የምትሄደው?» ብለን ነው። ጥያቄው የሰፈር ጥያቄ ይመስላል እንጂ አይደለም። «የአገር ቤቱ»፣ «የስደተኛው»፣ «ገለልተኛው» የሚሉት ሦስት ቃላት ለብዙ ዓመታት የሰውየውን ፖለቲካ፣ ጓደኞቹን፣ አንዳንዴም የትውልድ ቦታውን ጭምር መገመቻ ሆነው ኖረዋል። በ2018 ዕርቅ ወረደ ተብሎ እልል ካልን በኋላም ጥያቄው መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በአብዛኛው ማን እንደ በደለና ማን እንደ ተበደለ ነው። እኔ ዛሬ በሌላ በር ልግባ። ከራሳችን ቤት ሳይሆን ከጎረቤት ቤት እጀምራለሁ፤ ጎረቤት ስል በእርግጥም የአሥር ደቂቃ መንገድ ስለሆነ ነው። የምናገረውም በእምነት ከእኛ እጅግ ስለሚርቁ ሰዎች ነው፤ ስለ ሂንዱዎች።

ላንሃም ላይ ያለው ቤት

የምኖረው ግሪንቤልት፣ ሜሪላንድ ነው። ግሪንቤልት በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን መንግሥት በዕቅድ ካሠራቸው ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡባት በ1937 ነው። ሱቁም ጋዜጣውም በኅብረት ሥራ የሚተዳደር ነበር። ኅብረቱ ግን ለነጮች ብቻ ነበር፤ ከተማዋን ሲገነቡ የዋሉ ጥቁር ሠራተኞች እንኳ ቤት አልተሰጣቸውም። ዛሬ በዚያችው ከተማ የእኛ ሰው፣ የናይጄሪያው፣ የሳልቫዶሩና የሕንዱ በአንድ ሕንፃ ውስጥ በር ለበር ይኖራሉ።

በግሪንቤልት ሮድ ወደ ምሥራቅ ነድታችሁ፣ የናሳ ጎዳርድ የጠፈር በረራ ማዕከል አጠገብ ወደ ሲፕሪያኖ ሮድ ስትታጠፉ፣ ዛፎቹ መካከል በድንገት ነጭ ግንብ ብቅ ይላል። ከላይ እስከ ታች በተቀረጹ ምስሎች ተሸፍኗል። ይህ የስሪ ሺቫ ቪሽኑ ቤተ መቅደስ ነው፤ አድራሻው ላንሃም ሲሆን በአሜሪካ ካሉት ትላልቅ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች አንዱ ነው። በ1980ዎቹ ተጠንስሶ በ1990ዎቹ ተስፋፍቶ እዚህ ደርሷል። እሑድ ጠዋት መኪና ማቆሚያው እንደኛ ቤተ ክርስቲያን በጥምቀት ሰሞን ጢም ይላል።

ለእኛ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ እንግዳ የሚሆንበት ነገር አለ፤ እንግዳ የማይሆንበትም አለ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ዕጣን ይሸታል፤ ደወል ይደወላል። ካህናቱ የሚጸልዩት ምእመኑ ቤቱ በማይናገረው ጥንታዊ ቋንቋ በሳንስክሪት ነው፤ እኛም በግዕዝ እንደምናስቀድሰው ማለት ነው። በበዓል ቀን ምስሉ አጊጦ፣ ከበሮና ነጋሪት ቀድሞት፣ ሕዝቡ አጅቦት ይዞራል። ከጸሎት በኋላ የተባረከ ምግብ ይታደላል፤ ፕራሳዳም ይሉታል። ጸበል ጸዲቅ የለመደ ሰው እጁን ለመዘርጋት ባይደፍርም ነገሩ ይገባዋል።

ይህን ስል ግን እምነቱ አንድ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በእነርሱ ትምህርት አንድ ምስል ከተቀረጸ በኋላ ካህናቱ ሕይወት የማሳደር ሥርዓት ይፈጽሙለታል፤ ከዚያ በኋላ አምላኩ በምስሉ ውስጥ እንደ ክቡር እንግዳ ያድራል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህም ጠዋት በዜማ ይቀሰቀሳል፤ በወተት፣ በእርጎ፣ በማርና በውኃ ይታጠባል፤ ይለብሳል፣ ምግብ ይቀርብለታል፣ ማታ እንዲያርፍ መጋረጃው ይዘጋል። ቤተ መቅደሱ በየ12 ዓመቱ ገደማ ኩምባቢሼካም በሚባል ታላቅ ሥርዓት ይታደሳል፤ ካህናቱ በጸሎት የተባረከ ውኃ ይዘው ጉልላቱ ላይ ወጥተው ያፈሱታል። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ይህን አይቶ «ይህማ የእኔ አይደለም» ቢል ትክክል ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ቤት የምንማረው ሃይማኖት አይደለም፤ አስተዳደር ነው።

የስሙ ምስጢር

የቤቱን ስም እንደገና ተመልከቱት፤ ሺቫ እና ቪሽኑ። በሕንድ አገር በተለይም በደቡቡ የሺቫ ተከታዮችና የቪሽኑ ተከታዮች ለብዙ መቶ ዓመታት «የበላዩ የኛ ነው» ሲባባሉ የኖሩ ናቸው። ሰዎቹ በግንባራቸው ይለያሉ፤ የሺቫው አመድ ወስዶ ሦስት አግድም መስመር ይሠራል፣ የቪሽኑው ቁልቁል የወረደ መስመር ይቀባል። የሥርዓት መጻሕፍታቸው ይለያያሉ፤ የአንዱ ቤት ካህን የሌላውን አገልግሎት አይፈጽምም። በአገር ቤት ሁለቱ በአብዛኛው የየራሳቸው ቤተ መቅደስ አላቸው።

ላንሃም ላይ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ለሺቫ የራሱ መቅደስ፣ ለቪሽኑ የራሱ መቅደስ አለው፤ ለጋኔሻ፣ ለሙሩጋን፣ ለዱርጋ፣ ለሐኑማንም እንዲሁ። ከኬረላ የመጡት አያፓ የሚሉትን አምጥተዋል፤ በትውፊታቸው አያፓ የሺቫና የቪሽኑ ልጅ ነው፤ የዚህን ቤት ታሪክ ለማስረዳት ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ምእመናኑ ታሚል፣ ቴሉጉ፣ ካነዳ፣ ማላያላም፣ ጉጃራቲ፣ ሂንዲ ተናጋሪዎች ናቸው። እነዚህ የአንድ ቋንቋ ቀበሌኛዎች አይደሉም። ታሚሉና ጉጃራቲው በእናት ቋንቋቸው ሰላም መባባል እንኳ አይችሉም፤ ፊደላቸውም ይለያያል። ስብሰባቸውን የሚመሩት በእንግሊዝኛ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ የቴሉጉ ተናጋሪ ጎረቤት አሉኝ። ሁለቱ አማልክት እንዴት በአንድ ቤት ሊገቡ እንደቻሉ ስጠይቃቸው ስለ ፍልስፍና ይነግሩኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን የነገሩኝ ስለ ገንዘብ ነው። በ1965 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለእስያውያን በሩን ከከፈተ በኋላ የመጡት ሐኪሞችና መሐንዲሶች በየቤቱ ምድር ቤት እየተሰበሰቡ ይጸልዩ ነበር። የቴሉጉው ብቻውን፣ የታሚሉ ብቻውን፣ የካነዳው ብቻውን መሬት መግዛት አይችልም። ስለዚህ ድንጋዩ የሚጠረበው በጋራ፣ ጸሎቱ የሚደርሰው በየራስ ሆነ። ከችግር የተወለደ ስምምነት ነው፤ ግን በጽሑፍ ሰፍሮ፣ በደንብ ታስሮ ስለተቀመጠ ችግሩ ካለፈ በኋላም ቆየ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ይኸው መንገድ በሌላም ቦታ ተሠርቶበታል። በፔንሲልቬኒያ ፒትስበርግ አጠገብ ያለው የቬንካቴስዋራ ቤተ መቅደስና ኒው ዮርክ ፍላሺንግ ያለው የጋኔሻ ቤተ መቅደስ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲቆሙ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣውን ሕንዳዊ አሰባስበው ነው። ፍሬውንም አይተዋል። በኦክቶበር 14 ቀን 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ በዋይት ሐውስ የዲዋሊን መብራት ሲያበሩ፣ አጠገባቸው ቆሞ በሳንስክሪት የጸለየው ካህን የመጣው ከዚሁ ከላንሃሙ ሺቫ ቪሽኑ ቤት ነበር። አንድ ማኅበረሰብ ተሰሚነት የሚያገኘው ብዙ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሲጠሩት «አቤት» የሚል አንድ በር ሲኖረው ነው።

ሕንድና እኛ

ሕንድ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። በ1940 ደብረ ዳሞ ገዳም አካባቢ ከ100 በላይ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተው ነበር፤ ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩ የኩሻን ነገሥታት ሳንቲሞች ናቸው። የእነዚያ ነገሥታት ወርቅ፣ በተለይም የቪማ ካድፊሴስና የቫሱዴቫ፣ በጀርባው ብዙውን ጊዜ ሺቫን ከበሬው ጋር ያሳያል። እንግዲህ የሺቫ መልክ ሜሪላንድ ከመድረሱ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በተቀረጸ ወርቅ ተጉዞ፣ አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ወጡበት የሚባለው ተራራ ደርሶ ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን አዱሊስና የሕንድ ወደቦች ይነጋገሩ ነበር።

በእኛ ዕድሜም ቢሆን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ያስተማሩትን ሕንዳዊ መምህር አይረሳም። የሕንድ ፊልም አይተን አልቅሰናል። የኬረላ ኦርቶዶክሶችም ከእኛ ጋር በአንድ ኅብረት ያሉ ናቸው፤ በጃንዋሪ 1965 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጠሩት የአዲስ አበባ ጉባኤ ከግብፅ፣ ከሶርያና ከአርመን አብያተ ክርስቲያናት ጋር ተቀምጠዋል። ስለዚህ ሕንዶች ምን ሠሩ ብሎ መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። መምህሮቻችን ነበሩና አንድ ትምህርት ብንጨምርበት አያሳፍርም።

እኛስ?

የእኛን ታሪክ ባጭሩ ላስታውስ። አቡነ መርቆሬዎስ በ1988 ፓትርያርክ ሆኑ። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1992 አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። አንዱ ወገን «በፈቃዳቸው ለቀቁ» አለ፤ ሌላው «ተገደው ተነሡ» አለ። እሳቸው ተሰደው አሜሪካ ሲገቡ የስደት ሲኖዶስ ተቋቋመ። በስደት ያለው ምእመንም ተከፈለ። ከሁለቱም የራቀው «ገለልተኛ» ተባለ። በዚህች በዋሽንግተን አካባቢ አንድ ቅዳሴ፣ አንድ ጾም፣ አንድ የጸሎት መጽሐፍ ያለን ሰዎች ሦስት አጥር አጠርን። ሙት ዓመትና ክርስትና ላይ ዘመድ ከዘመድ መቀመጥ ያቃተው በዶግማ አይደለም፤ የማን ስም በቅዳሴ ይጠራ በሚል ነው።

በጁላይ 2018 እዚሁ ዋሽንግተን ላይ ሁለቱ ሲኖዶሶች ታረቁ። አቡነ መርቆሬዎስ ከ27 ዓመት በኋላ አገራቸው ገቡ፤ ከአቡነ ማትያስ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ፓትርያርክ ሆነው ኖረው በማርች 2022 ዐረፉ። ደስታችን እውነተኛ ነበር። ይሁን እንጂ ዕርቁ የተፈረመው ላይ ነው እንጂ ታች ያሉት አጥቢያዎች የየራሳቸው ሕንፃ፣ የየራሳቸው ባንክ ሂሳብ፣ የየራሳቸው ቦርድ ይዘው ቀጠሉ። ከዚያ ደግሞ በጃንዋሪ 2023 ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ፤ አገር ታመሰ፤ በፌብሩዋሪ ስምምነት ተደረገ። በዚያው ዓመት በጁላይ በትግራይ ያሉት አባቶች በጦርነቱ ጊዜ የደረሰባቸውን ዝምታ እያነሡ የራሳቸውን ጳጳሳት ሾሙ። ሁለቱም ነገሮች ወዲያው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ደርሰዋል። «የትኛው ጋ ነህ?» የሚለው ጥያቄ አሁን ከሲኖዶስ ወደ ቋንቋና ወደ ክልል ዞሯል። ይህ ነው መልኩን ቀየረ ያልኩት።

ማን ትክክል ነው የሚለውን እዚህ አልፈርድም። በእያንዳንዱ ወገን የተጎዳ ሰው አለ፤ የትግራይ ምእመን ያነሣው ሐዘንም፣ በአፋን ኦሮሞ ልቀደስ የሚለውም ጥያቄ በስድብ የሚመለስ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አጥቢያ ለምን ይሰነጠቃል?

መልሱ በከፊል ላንሃም ላይ አለ

ላንሃም ያለው ቤት ሦስት ነገሮችን ለያይቶ አስቀምጧል። አንደኛው ሥርዓት ነው። የሺቫው ካህን በሺቫው መጽሐፍ፣ የቪሽኑው በቪሽኑው መጽሐፍ ያገለግላል፤ ቦርዱ በዚያ አይገባም። ሁለተኛው ንብረት ነው። መሬቱ፣ ሕንፃው፣ ገንዘቡ በባለአደራዎች ቦርድ ሥር ነው፤ ካህኑ ደመወዝተኛ ነው እንጂ የቤቱ ባለቤት አይደለም። ሦስተኛው የአገር ቤት ፖለቲካ ነው፤ እርሱ ቢያንስ በሕጉ ላይ ቦታ የለውም። ሦስቱ ተለያይተው ስለተቀመጡ አንዱ ሲታመም ሌላው አብሮ አይተኛም።

በእኛ ዘንድ ሦስቱ ተደባልቀዋል። የቦርዱ ሊቀ መንበር ስለ ቅዳሴ ይወስናል፤ ቄሱ ስለ ባንክ ይወስናሉ፤ ሁለቱም ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ይናገራሉ። እኔ ለዓመታት ከቆየሁበት አንድ አጥቢያ ስሙን ሳልጠራ ምሳሌ ልጥቀስ። የሕንፃ መግዣ መዋጮ ስንሰበስብ መተዳደሪያ ደንቡን ያነበበ ሰው ብንፈልግ በጣት የሚቆጠር አልነበረም። ጠብ የተነሣ ዕለት ግን ሁሉም ደንቡን ፈላጊ ሆነ፤ ሁለት የተለያየ ቅጂም ተገኘ።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። «ሂንዱ ሲኖዶስ የለው፣ ፓትርያርክ የለው፣ የሐዋርያት ክህነት ውርስ የለው፤ ቦርድ ቢገዛው ምን ይደንቃል? እኛ ግን ያለ ጳጳስ ቤተ ክርስቲያን የለንም» የሚል። እውነት ነው። ሂንዱ ቤተ መቅደስ በራሱ ሙሉ ነው፤ አጥቢያ ግን ከሀገረ ስብከቱ፣ ሀገረ ስብከቱም ከሲኖዶሱ ካልተያያዘ እንደ ተቆረጠ ቅርንጫፍ ነው። «ገለልተኛ» የሚለው ቃልም ለሃይማኖቱ ሊቃውንት የሚቆረቁራቸው ለዚህ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የላንሃምን ደንብ ገልብጠን ብናመጣ አይገጥመንም።

ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ሥራችንን ያበዛዋል እንጂ አያስቀረውም። በላያችን ሥልጣን ስላለ ነው የበለጠ መጻፍ ያለብን። ጳጳሱ የሚያዙት ምንድን ነው? ክህነት፣ ትምህርት፣ ሥርዓት። ምእመኑ የሚያዘው ምንድን ነው? ብድሩ፣ ጣሪያው፣ ኦዲቱ። ከላይ ያሉት ሲጣሉ፣ እስኪታረቁ ድረስ አጥቢያው እንዴት ይኑር? ይህን አስቀድሞ በሰላሙ ጊዜ የጻፈ አጥቢያ ነፋስ ሲመጣ ይንቀጠቀጥ ይሆናል እንጂ አይሰነጠቅም።

የእነርሱም ገበና

የጎረቤትን ቤት አሞካሽቶ መሄድ ቀላል ነው፤ አመድ በዱቄት ይስቃል እንዳይባል ግን ጉዳቸውንም እናንሣ። ፍላሺንግ ያለው የጋኔሻ ቤተ መቅደስ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቦርድ ምርጫ ጠብ ፍርድ ቤት ቆሟል፤ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ምርጫውን የሚያስፈጽም ሰው እስከ መሾም ደርሷል። ሂንዱዎቹም እንደኛ ይካሰሳሉ።

ሁለተኛው የዘር ደረጃ ጉዳይ ነው። የሕንድ ካስት ውቅያኖስ አቋርጦ መጥቷል። በፌብሩዋሪ 2023 የሲያትል ከተማ ምክር ቤት በካስት ማግለልን በሕግ ከለከለ፤ በኦክቶበር የካሊፎርኒያው ገዢ ተመሳሳይ ሕግ ሲቀርብላቸው ሳይፈርሙ መለሱት። በዚያው ወር በኒው ጀርሲ ሮቢንስቪል የተመረቀው ግዙፍ አክሻርዳም ቤተ መቅደስ ደግሞ በ2021 ሠራተኞች ከሰውት ነበር። ብዙዎቹ ዳሊት የሆኑ ድንጋይ ጠራቢዎች በሃይማኖት ሠራተኛ ቪዛ መጥተን በሰዓት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ገደማ ተከፈለን አሉ። ቤተ መቅደሱ «በጎ ፈቃደኞች ናቸው» ብሎ አስተባበለ፤ የፌዴራሉ የወንጀል ምርመራም በ2025 ያለ ክስ ተዘግቷል። ፍርዱን ለባለቤቶቹ እንተወውና ለእኛ የሚሆነውን እንያዝ፤ «ለእግዚአብሔር ቤት ነው» ተብሎ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ያለ ውል መሠራት የለበትም። ከአገር ቤት ያስመጣነው መርጌታ ስንት እንደሚከፈለው፣ ጤና ኢንሹራንስ እንዳለው የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

ሦስተኛው ፖለቲካ ነው። በዲሴምበር 1992 አዮድያ ላይ የነበረው የባብሪ መስጊድ በሂንዱ ብሔረተኞች ፈረሰ፤ በተከተለው ብጥብጥ ብዙ ሰው አለቀ። በኖቬምበር 2019 ፍርድ ቤት ቦታውን ለሂንዱዎች ፈረደ፤ በጃንዋሪ 22 ቀን 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ በተገኙበት የራማ ቤተ መቅደስ ተመረቀ። እዚህ ሜሪላንድ ፍሬድሪክ ከተማ ሂንዱዎች በመኪና ሰልፍ ደስታቸውን ገለጹ። በዚያው አውራጃ የሚኖረው ሕንዳዊ ሙስሊም ያን ሰልፍ በምን ዓይን እንዳየው መገመት አያቅተንም። አንድ ጣሪያ ለሺቫና ለቪሽኑ በቅቷል፤ ከቤቱ ውጭ ላለው ወንድም ግን ጥላ አልሆነውም። ከእነርሱ የምንማረው የሠሩትን ብቻ ሳይሆን ያልደረሱበትንም ነው።

ዳኛው ምን ይላል?

በስደት አገር ቤተ ክርስቲያን ሲጣላ መጨረሻው ፍርድ ቤት ነው። እዚያ ሲደረስ ብዙዎቻችን «እውነቱ ከእኛ ጋር ነው» ብለን እንገባለን። የአሜሪካ ዳኛ ግን የትኛው ሲኖዶስ ቀኖናዊ እንደሆነ መወሰን በሕገ መንግሥቱ አይፈቀድለትም። በ1872 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በባርነትና በእርስ በርስ ጦርነቱ ሰበብ ለሁለት በተከፈለ የኬንታኪ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ፣ በላይ ሥልጣን የሚተዳደር ቤት ከሆነ የበላዩ አካል የወሰነውን እቀበላለሁ አለ። በ1970 በዚሁ በሜሪላንድ፣ ከሻርፕስበርግ በመጣ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ክርክር፣ የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች የባለቤትነት ሰነዱን፣ የማኅበሩን ደንብና የስቴቱን ሕግ አይተው የሰጡትን ፍርድ አጸና። በ1979 ደግሞ ከጆርጂያ በመጣ ጉዳይ ፍርድ ቤቶች በዚህ መንገድ መሄድ እንደሚችሉ በግልጽ ተናገረ።

በአማርኛ ስናስቀምጠው ዳኛው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመሬቱ ወረቀት በማን ስም ነው? ደንባችሁ ምን ይላል? መልሱ ያልተጻፈ ከሆነ የሚጠቀመው ጠበቃ ብቻ ነው። እናቶቻችን ከቤት ጽዳትና ከሕፃን ጥበቃ ያጠራቀሙት የአሥራት ገንዘብ በሰዓት እየተከፈለ ለጠበቃ ሲሄድ ከማየት የከፋ መቅሠፍት አላውቅም።

ሌላም ጊዜ የማይሰጥ ነገር አለ። የሃይማኖት አገልጋይ የሚገባበት ቪዛ ቢበዛ 5 ዓመት ነው። በማርች 2023 የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የአሠራር ለውጥ አድርጎ ከመካከለኛው አሜሪካ ብቻቸውን የመጡ ልጆችን ከሃይማኖት አገልጋዮች ጋር በአንድ የግሪን ካርድ ወረፋ ስላሰለፈ፣ ጥበቃው ከቪዛው ዕድሜ በላይ ረዘመ። የላንሃሙ ካህንና የእኛው ዲያቆን በአንድ ሰልፍ ናቸው። በ2025 ይህን ለማቃለል በምክር ቤቱ የሕግ ረቂቅ ሲቀርብ ካቶሊኩም ሂንዱውም ድምፁን አሰምቷል። እኛ ግን ደብዳቤ የሚጽፍልን የጋራ ቢሮ እንኳ የለንም፤ እያንዳንዱ አጥቢያ ለየራሱ ቄስ በየራሱ ጠበቃ ይማስናል።

ምን ይደረግ?

ሦስት ሐሳብ ብቻ ላቅርብ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አጥቢያ መተዳደሪያ ደንቡን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ ለእያንዳንዱ አባል ያድል፤ የባለቤትነት ሰነዱ በማን ስም እንደሆነ በጉባኤ ይነበብ። ይህ የማንንም ሲኖዶስ ሥልጣን አይነካም፤ ጳጳሱ የሚያዙበትና ምእመኑ የሚያዝበት ከተለየ እንዲያውም ጳጳሱ ይከበራሉ። ሁለተኛ፣ በአጥር የተለያየን አጥቢያዎች ቅዳሴ ባንጋራ እንኳ ችግር እንጋራ፤ የቪዛ ጠበቃ፣ የመቃብር ቦታ፣ የልጆች ትምህርት። ታሚሎቹ እዚያው ላንሃም ለሙሩጋን ለብቻው ቤተ መቅደስ ሠርተዋል፤ ግን ሙሩጋን ከሺቫ ቪሽኑ ቤት አልወጣም። የራስ ቤት መሥራትና መቆራረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሦስተኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ማስቀደስ የሚፈልግ ወገን ሲመጣ ጥያቄውን የመገንጠል ምልክት አድርገን አንየው። ሥርዓቱ አንድ ሆኖ ቋንቋው ቢበዛ ጣሪያው አይፈርስም። እንዲያውም ፍርስራሽ የሚመጣው የተከለከለው ሰው ሌላ ጣሪያ ፍለጋ ሲወጣ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ልጆቻችን ነው። እዚህ የተወለደ ልጅ ስለ 1991 አያውቅም፤ ማን ፓትርያርክ እንደነበረም ግድ የለውም። የሚያየው የእናቱ ወንድም በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አባቱ በሌላ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀን ፋሲካ ሲያከብሩና ሳይጠያየቁ ሲቀሩ ነው። ምክንያቱን ሲጠይቅ የምንመልስለት ስለሌለን ዝም እንላለን። እርሱም አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ዝም ብሎ ይቀራል። ሲኖዶስ ከሲኖዶስ ቢጣላ አንድ ቀን ይታረቃል፤ አይተነዋል። በር ዘግቶ የወጣን ልጅ የሚያስታርቅ ሲኖዶስ ግን የለም።

ላንሃም ያሉት ጎረቤቶቻችን አምላካቸው ሌላ፣ መጽሐፋቸው ሌላ ነው። ግን ስድስት ቋንቋ፣ ሁለት ሥርዓትና የብዙ መቶ ዓመት ክርክር ይዘው መጥተው አንድ ጣሪያ አቁመዋል። እኛ አንድ ሥርዓት፣ አንድ ጾም፣ አንድ ቅዳሴ ይዘን መጥተን ጣሪያውን በዛን። ደንቡን የምንጽፈው ለሚቀጥለው ጠብ ሳንደርስ ነው ወይስ ከደረስን በኋላ? ለዚህ መልስ ከአዲስ አበባ መጠበቅ አያስፈልገንም።

ቸር ይግጠመን።